«የደኅንነት ቫልቭ» እና «ራስ ዘጊ»፦ ስለ ሁለት የትርጉም ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

ሰሞኑን ከእጃችን የገቡ ጥቂት የትርጉም ገጾች ለዚህ ሒስ መነሻ ሆነውናል። ገጾቹ የተዘጋጁት ከምንጭ ተነሥቶ በስበት ብቻ ወደ መንደር የሚወርድ የውኃ መስመርን ለሚጠብቁ ሰዎች ነው። ያነበብናቸውም በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ እንዲህ ያለው መስመር በዓይን በሚታይበት ስፍራ ሆነን ነው። የአሳታሚውን ስም ማንሣት አላስፈለገንም፤ ጉድለቱ የአንድ ተርጓሚ ብቻ ሳይሆን በሙያ ቃላት አሰያየም ላይ የምንደክም የብዙዎቻችን ነውና። ተርጓሚው አማርኛ ያውቃል፤ ዐረፍተ ነገሩ አይንገዳገድም፤ እንግሊዝኛውን በፊደል ብቻ ለውጦ አላለፈም። የሚያስወቅሰው ነገር አንድ ቢሆንም አንዱ ከባድ ነው። በገጾቹ ላይ ሥራቸው ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሁለት መሣሪያዎች «የደኅንነት ቫልቭ» በሚል አንድ ስም ተጠርተዋል። አንደኛው ግፊት ከልክ ሲያልፍ ተከፍቶ የሚያድን ነው። ሁለተኛው መስመር ሲሰበር ተዘግቶ የሚያድን ነው።

ይህ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ የሚከራከሩበት ጥቃቅን ጉዳይ ይመስል ይሆናል። አይደለም። ግፊት ሲበዛ የሚከፈተው ቫልቭ ውኃ ወይም እንፋሎት ማንጠባጠብ ቢጀምር፣ ከሁሉ የከፋው ስሕተት በውታፍ መድፈን ነው፤ መውጫ ያጣ ግፊት ጋኑን ወይም ቧንቧውን ያፈነዳልና። መስመር ሲሰበር የሚዘጋው ቫልቭ ተዘግቶ ቢገኝ ደግሞ፣ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ስብራቱ ሳይገኝ በግድ መክፈት ነው፤ ማጠራቀሚያው ባዶ እስኪቀር ድረስ ውኃው ይፈስሳልና። እንግዲህ የደኅንነት ቫልቩ በሚገባ መዘጋቱን እንዲያረጋግጥ የታዘዘ ጠባቂ የትኛውን ይዝጋ? ስሙ አንድ ነው፤ ትእዛዙም አንድ ነው፤ ለአንዱ መድኅን የሆነው ግን ለሌላው ጥፋት ነው።

ነገሩ በዚህ አካባቢ ለምን እንደሚከብድ የመልክዓ ምድሩ ጠባይ ይናገራል። ከጎንደር በስተ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ደባርቅ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ደጋ ናቸው። ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ ጫፉ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው የስሜን ተራራ ይነሣል፤ በስተ ሰሜን ደግሞ የሊማሊሞ ገደል በአጭር ርቀት ውስጥ ከሺህ ሜትር በላይ ወደ ቆላ ይወርዳል። በቧንቧ የሚወርድ ውኃ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ከማጠራቀሚያው 100 ሜትር ዝቅ ብሎ የቆመ ቦኖ፣ ቧንቧው ተዘግቶ ውኃው በሚረጋበት ጊዜ 10 ባር ያህል ይሸከማል ማለት ነው። በተዳፋት መስመር ላይ ግፊት የሚሰብሩ መካከለኛ ገንዳዎች የሚሠሩት፣ የቫልቭም ዓይነት የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ሜዳ ላይ የተሰበረ ቧንቧ ውኃውን በዝግታ ያባክናል፤ ተዳፋት ላይ የተሰበረ ቧንቧ ግን ከበላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል፤ በመንገዱም ያገኘውን ማሳ ይቦረቡራል።

ስያሜውን ከመተቸታችን በፊት መሣሪያውን በጥቂቱ እንግለጽ፤ የነገሩን አሠራር ሳያዩ ለስሙ መከራከር በባዶ ሜዳ መሟገት ነውና። መስመር ሲሰበር ተዘግቶ በሚያድነው ቫልቭ ውስጥ አንድ ሳሕን ወይም ኳስ አለ። ይህን ሳሕን አንድ ሞላ ከመቀመጫው አርቆ ይይዘዋል፤ መንገዱም ክፍት ይሆናል። ፍሰቱ ልከኛ እስከሆነ ድረስ ሞላው ያሸንፋል። በታች በኩል ቧንቧው ሲሰበር ፍሰቱ በድንገት ያይላል፤ በሳሕኑ ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነትም ሞላውን ያሸንፍና ሳሕኑ ከመቀመጫው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት እስኪቀራረብ ድረስ እንደተዘጋ ይቆያል። ይህን መሣሪያ «አውቶማቲክ ቫልቭ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ አንባቢው «ራሱ እንደዘጋ ራሱ ይከፍታል» ብሎ ተቀምጦ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ቫልቩ ግን የሚጠብቀው እርሱን ነው፤ ስብራቱን ፈልጎ እንዲጠግን፣ ከዚያም በታች ያለውን መስመር ቀስ ብሎ ውኃ እንዲሞላ።

ከ«ደኅንነት» እንጀምር። ቃሉ መልካም የግዕዝ ቃል ነው፤ «ዳነ» ከሚለው ጋርም ይዛመዳል። ነገር ግን በቫልቭ ላይ ሲቀጠል የሚነግረን ዓላማን ብቻ ነው፤ መንገዱን አይነግረንም። አንድ መሣሪያ ለደኅንነት የተሠራ መሆኑን ማወቅ፣ በአደጋ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አይደለም። (በከተማ ጆሮ ደግሞ «ደኅንነት» የመሥሪያ ቤት ስም እስኪመስል ድረስ ሌላ ነገር ያስታውሳል። በምትኩ «መከላከያ ቫልቭ» ያሉትም ከዚህ አላመለጡም፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ለወጡት እንጂ።) እንግሊዝኛው ራሱ በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለም። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፒን በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በእንፋሎት ድስቱ ላይ በክብደት የሚጫን መዝጊያ ካደረገበት ጊዜ ጀምሮ፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች የደኅንነት ቫልቭ ሲባል በቀዳሚነት የሚታሰበው ግፊት ሲበዛ የሚከፈተው ነው። በኋላ ግን ይኸው ስም ለሚዘጉትም በልቅነት ይነገር ጀመር። ተርጓሚው ይህን ልቅነት የመውረስ ግዴታ የለበትም፤ ይልቁንም መመሪያውን የሚያነበው ሰው የእንግሊዝኛውን ልማድ ስለማያውቅ፣ ልቅነቱን ማጥበቅ የተርጓሚው ሥራ ነው።

ሁለቱ ተቃራኒዎች በአንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ማየት የሚሻ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ የሕክምና መሣሪያዎች በእንፋሎት የሚጸዱበትን ኦቶክሌቭ ይመልከት። ስሙ ከግሪክኛ «ራስ» እና ከላቲን «ቁልፍ» የተገጣጠመ ሲሆን «ራሱን በራሱ የሚቆልፍ» ማለት ነው፤ እንዲህ የተባለውም ከውስጥ የሚገፋው እንፋሎት ክዳኑን ይበልጥ እንዲጠብቅ ስለሚያደርገው ነው። በዚሁ ራሱን ቆላፊ ዕቃ ላይ ደግሞ ግፊት ከልክ ሲያልፍ የሚከፈት ቫልቭ ተገጥሞለታል። አንዱ በመዝጋት፣ አንዱ በመክፈት ያድናሉ። በአማርኛ ሁለቱን «የደኅንነት» ብለን ብንጠራቸው አንዳች ነገር አላልንም።

ስለሆነም የመጀመሪያው ሐሳባችን ይህ ነው፤ በስያሜው ውስጥ ግሱ ይግባ። ግፊት ሲበዛ የሚከፈተው «አስተንፋሽ ቫልቭ» ይባል። ጎማ አስተነፈሰ የማይል የመኪና ሰው የለም፤ ቃሉ ያለ መዝገበ ቃላት ይገባል፤ በሚያንጠባጥብ አስተንፋሽ ላይ ውታፍ መሰካት ነውር መሆኑንም ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የሚተነፍስን አፍ ማን ያፍናል? በውኃ መስመር ከፍታ ቦታዎች ላይ የታመቀ አየር ብቻ የሚያወጣው ቫልቭ ከዚህ ጋር እንዳይምታታ፣ እርሱ «አየር አስወጪ» እንደተባለ ይቆይ።

የሚዘጋው ግን እንዲህ በቀላሉ አልተገኘም፤ ከዚህ በታች የምንዘገየውም በእርሱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ «ቫልቭ» የሚለውን ባዕድ ቃል መተው ይገባ እንደሆነ እንይ። ቃሉ የመጣው ከላቲኑ «ቫልቫ» ሲሆን፣ ፍቺውም የተጣማሪ በር አንዱ ክንፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 ፋብሪቺዮ የተባለው የፓዶቫ ሐኪም በደም መልስ ውስጥ ያሉትን ስስ ክዳኖች ሲገልጽ «ትንንሽ በሮች» አላቸው፤ የደም ዑደትን በ1628 ያብራራው ሐርቪም የእርሱ ተማሪ ነበረ። ከዚህ ተነሥተው በእኛ የጤና ጽሑፎች «የልብ በር» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። አሳቡ የሚያስመሰግን ቢሆንም ቃሉ በአንድ ስንዝር ስቷል። በአማርኛ «በር» ክፍቱ ነው፤ የሚገባበት ቀዳዳ፣ የሚታለፍበት መንገድ። የሚዘጋው ሌላ ነው፤ እርሱም «መዝጊያ» ወይም «ሳንቃ» ይባላል። «በሩን ዝጋ» ስንል መዝጊያውን ገጥመህ ክፍቱን ሙላ ማለታችን ነው። ጣርማ በር «በር» የተባለው ሳንቃ ስላለው ሳይሆን መተላለፊያ ስለሆነ ነው። ከደባርቅ ወደ ስሜን የሚወጣ መንገደኛ የሚያድርበትን ሳንቃ በርን የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ሁለቱን ቃላት በአንድ ስም ጎን ለጎን ቆመው ያገኛቸዋል፤ አንዱ የሚታለፍበት፣ አንዱ የሚከለክል። የላቲኑ «ቫልቫ» ሳንቃው ነው እንጂ በሩ አይደለም።

ታዲያ «መዝጊያ» ብንለውስ? ግዕዝም መንገዱን ያሳየናል፤ «ዐጸወ» ከሚለው «ማዕጾ» ወጥቷል፤ ከተከዜ ማዶም በትግርኛ «ማዕጾ» ዛሬም በቤት ሁሉ የሚነገር ነው። ሌሎች የሴም ቋንቋዎች ግን በሌላ መንገድ ሄደዋል። ዐረብኛ ለቫልቭ «ጺማም» ይላል፤ ሥሩ መድፈንን ያመለክታል፤ በግዕዝ ደንቆሮውን «ጽሙም» ከምንልበት ሥር ጋር አንድ ነው፤ ጆሮው የተደፈነ ማለት ነው። ዕብራይስጥም «ሻስቶም» የሚለውን ያወጣው «ደፈነ» ከሚል ሥር ነው። አውሮፓ ከበር፣ ሴማውያኑ ከውታፍ ተነሡ ማለት ይቻላል። አማርኛ ሁለቱም አለው፤ ምርጫው ግን ከሥርወ ቃል ይልቅ በአፍ ላይ ባለው ነገር ሊወሰን ይገባል። «መዝጊያ» ያልነው እንደሆነ የሚከፈተውን «የሚከፈት መዝጊያ» ልንለው ነው፤ ይህም ስሕተት ባይሆንም ጆሮ ይጎረብጣል። በዚያ ላይ የቧንቧ ሠራተኛውም፣ የመኪና መካኒኩም፣ ቡታጋዝ ሻጩም «ቫልቭ» ይላሉ። ለትልቁ በእጅ መዘውር የሚከፈትና የሚዘጋው እንኳ «ሳራቺኔስካ» የሚለው የጣልያንኛ ስም ከነፍቺው ተረስቶ ቀርቷል፤ በጣልያን አገር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የምሽግ በር ማለት መሆኑን የሚያስታውስ የለም፤ ይሁንና ማንም አይሳሳትበትም። ስለዚህ በበኩላችን «ቫልቭ» ይኑር እንላለን። ሕመሙ በስሙ ላይ አይደለም፤ በቅጽሉ ላይ ነው።

በዚህ አጋጣሚ የአካባቢው አንጥረኛ ወናፍ ሊጠቀስ ይገባዋል። በወገራና በስሜን ቀድሞ ይህን ሙያ ከያዙት መካከል ዛሬ አብዛኞቹ በእስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤል ይገኙበት ነበር፤ እነርሱም አሁን ቫልቭን «ሻስቶም» ሲባል ይሰሙታል። ወናፉ የፍየል ቆዳ ከረጢት ነው፤ በአፉ ላይ ሁለት እንጨቶች ተሰፍተውለታል። ወናፊው ወደ ላይ ሲያነሣ እንጨቶቹን በጣቶቹ ይከፍታቸዋል፣ አየርም ይገባል፤ ወደ ታች ሲጫን ይገጥማቸዋል፣ አየሩም ወደ ፍሙ ይሄዳል። ሥራው የቫልቭ ሥራ ነው፤ ቫልቩ ግን እጅ ነው። በአውሮፓው የአንጥረኛ ወናፍ ላይ ይህን ሥራ የምትሠራው አየር ስትስብ የምትከፈት፣ ሲጫኗት የምትዘጋ ክዳን ነች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት «ማን ዘጋው?» የሚለው ጥያቄ ነው። የስያሜያችንም ጭንቅ ይኸው ነው።

ወደ «ራስ ዘጊ» እንመለስ። ገጾቹ አልፎ አልፎ «የደኅንነት ቫልቭ» የሚለውን ትተው «ራስ ዘጊ ቫልቭ» ይላሉ። እኛም ከዚህ ቀደም በረቂቆቻችን ይህን ቃል በደስታ ተጠቅመንበታል፤ «ራስ ገዝ» የሚለው በ1980 ዓ.ም. አካባቢ በመንግሥት ቋንቋ ገብቶ ሲለመድ አይተን፣ መንገዱ የተከፈተ መስሎን ነበር። ደባርቅ ላይ ለአንድ የቧንቧ ባለሙያ ቃሉን ስናነብለት ግን «የምኑን ራስ ነው የሚዘጋው?» ሲል ጠየቀን። ሣቅን፤ ኋላ ግን እርሱ ትክክል እንደሆነ ተረዳን።

ባለሙያው የጠየቀው የአማርኛን ሰዋስው ነው። በአማርኛ አንድ ስም ከአድራጊ ቅጽል በፊት ሲቆም፣ ስሙ ተሳቢ ሆኖ ይነበባል። እሳት አጥፊ እሳትን የሚያጠፋ ነው፤ መንገድ መሪ መንገድን የሚመራ ነው፤ ቤት ጠባቂ ቤትን የሚጠብቅ ነው። በዚህ ሕግ «ራስ ዘጊ» ራስን የሚዘጋ ይሆናል፤ ራስ ደግሞ በሰው አካል ላይ ያለ፣ በማዕረግ ያለ፣ በተራራም ጫፍ ያለ ነገር ነው፤ ራስ ደጀን ከሚታይበት አገር ሆኖ «ራስ» ሲባል ሌላ ነገር አስብ ማለት ይከብዳል። «ራስ ገዝ» ከዚህ ያመለጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ራስን መግዛት በአማርኛ አስቀድሞ የታወቀ አነጋገር ስለነበረ ነው። ሁለተኛ፣ «ገዝ» የሚለው ቅርጽ «ገዢ» ከሚለው የተለየ በመሆኑ፣ እንደ «ነፍስ አድን»ና እንደ «ዓለም አቀፍ» ተጣምሮ እንደ አንድ ቃል ስለሚሰማ ነው። «ራስ ዘጊ» ግን ከሁለቱም አንዱ የለውም።

ሰዋስዋችን ለዚህ ጉዳይ ሌላ መሣሪያ አለው፤ እርሱም «ተ» ነው። ተንቀሳቃሽ፣ ተሽከርካሪ፣ ተንሳፋፊ፣ ተንሸራታች፣ ተወርዋሪ እንላለን፤ አንዳቸውም «ራስ» አላስፈለጋቸውም። በዚህ ሚዛን «ተዘጊ ቫልቭ» ማለት ይቻላል፤ ተቃራኒውም «ተከፋች ቫልቭ» ይሆናል። ከ«ራስ ዘጊ» ይልቅ አጭርና የማያሻማ ነው ብለን ልንደመድም ስንል ግን አንድ እንቅፋት ገጠመን። ይኸው «ተ» የሚደረግበትንም ይጠራል። ተከሳሽ ራሱን የከሰሰ አይደለም፤ ተሳቢ ራሱን አይስብም፤ ተጣጣፊ ወንበር የሚታጠፈው በሰው እጅ ነው። ስለዚህ «ተዘጊ» ብቻውን ሲቆም «በእጅ ሊዘጋ የሚችል» ተብሎ ቢነበብ አንባቢው አይፈረድበትም፤ ሳራቺኔስካም እንኳ በዚህ አነጋገር ተዘጊ ነው።

መፍትሔው የዘጊውን ኃይል መጥራት ነው ብለን እናምናለን። «በፍሰት ተዘጊ ቫልቭ»፦ ፍሰቱ ሲያይል የሚዘጋው። «በተንሳፋፊ ተዘጊ ቫልቭ»፦ ገንዳው ሲሞላ ተንሳፋፊ ኳስ ከፍ ብሎ የሚዘጋው። «በክብደት ተዘጊ»፦ የገዛ ክዳኑ ክብደት የሚዘጋው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በሞላ የሚዘጋውን «በሞላ ተዘጊ» ያልን እንደሆነ ጥፋት ነው። ሞላ ከጣልያንኛ የመጣ የመካኒክ ቃል ነው፤ በአማርኛ ግን «በሞላ» ማለት «ሁሉም፣ በጠቅላላ» ማለት ነው፤ ስለ ውኃ ገንዳ ሲነገርም «ሞላ» ሌላ ግስ ነው። አንባቢው «ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ» ወይም «ሲሞላ የሚዘጋ» ብሎ ቢረዳ ማን ይወቅሰዋል? ስለዚህ «ባለሞላ ተዘጊ ቫልቭ» ይባል። በቦኖ ላይ ሰው ሲጫነው የሚፈስስ፣ ሲለቀው የሚዘጋ ቧንቧም ከዚህ ወገን ነው፤ ሕዝቡ «ሲለቁት የሚዘጋ» ካለው ግን እኛ የምንጨምርለት ነገር የለም።

የደባርቁ ባለሙያ ሌላም ነገር ሰጥቶናል። መሣሪያውን በራስህ ቃል ንገረን ብንለው «ቧንቧው ሲፈነዳ ጥርቅም የሚለው» አለን። በዚህ አነጋገር ውስጥ ስንፈልገው የቆየነው ነገር ሁሉ አለ። አማርኛ በ«አለ» እና በ«አደረገ» መካከል የሚያደርገው ልዩነት፣ እኛ በ«ራስ» ልናመጣው የደከምንበት ልዩነት ነው። በሩ ጥርቅም አለ፤ ነፋስ ይሆናል፣ ሰው ግን አልነካውም። በሩን ጥርቅም አደረገው፤ ሰው አለበት። ጉሮሮው ዝግት አለ፤ ማንም አልዘጋውም። አድራጊ ስሙም በሕግ ቋንቋችን ሳይቀር የተከበረ ነው፤ «ይግባኝ ባይ»፣ «አቤት ባይ» የማይል ፍርድ ቤት የለም። እንግዲህ «ዝግት ባይ ቫልቭ» ማለት ምን ይከለክለናል? ቃሉ ሲሰማ እንግዳ ይመስላል፤ «የመዝገበ ቃላት ክብር የለውም» የሚሉንም አይጠፉም። በእኛ አስተያየት ክብሩ ትክክለኛነቱ ነው። ከሁሉም ስያሜዎች መካከል «ማን ዘጋው?» ለሚለው ጥያቄ በሁለት ቃል የመለሰ እርሱ ብቻ ነው።

ሆኖም ለሁሉም ተዘጊዎች አይሆንም። «ዝግት አለ» ፍጥነትን ይዟል፤ ተንሳፋፊ ኳስ ቀስ እያለ የሚዘጋውን ገንዳ ዝግት ባይ ማለት አይቻልም። ፍጥነቱ ደግሞ ለረጅም ተዳፋት መስመር ራሱ አደጋ ነው። የሚሮጥ ውኃ በድንገት ሲቆም የገዛ ግስጋሴው ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በሞስኮ የውኃ መስመሮች ላይ ባደረገው ጥናት እንዳስረዳው፣ በብረት ቧንቧ በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚሮጥ ውኃ ድንገት ቢገታ ከ10 ባር በላይ ተጨማሪ ግፊት ይፈጠራል። በ100 ሜትር ተዳፋት ላይ ያለው የረጋ ግፊት በእጥፍ አደገ ማለት ነው። ስለዚህ በረጅም መስመር ላይ የሚገጠሙት ተዘጊዎች ሆነ ተብሎ እንዲዘገዩ የሚደረጉ አሉ፤ እነዚህን «ዝግት ባይ» ብሎ መጥራት ሐሰት ነው። ወገኑ በሙሉ «ተዘጊ» ይሁን፤ «ዝግት ባይ» ደግሞ በቅጽበት ለሚዘጋው ብቻ ይቆይ። (ገጾቹ ይህንኑ የግፊት ምት «የውኃ መዶሻ» ብለውታል። አንባቢው በውኃ የሚንቀሳቀስ መዶሻ እንዳለ ቢፈልግ አይገርምም፤ «የውኃ ምት» በቂ ነበር።)

ወደ ኋላ የሚመለሰውን ውኃ ብቻ የሚከለክለው ቫልቭም በገጾቹ ላይ ተጎድቷል። አንድ ቦታ «የመፈተሻ ቫልቭ» ተብሏል፤ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን «ቼክ» መመርመር አድርጎ ወስዶታል፤ እዚህ ግን ፍቺው መግታት ነው፣ ፈረስ በልጓም እንደሚገታ። ሌላ ቦታ «የማይመልስ ቫልቭ» ተብሏል፤ ይህ ደግሞ ጥያቄ ቢጠየቅ መልስ የማይሰጥ ይመስላል። በሕክምና ጽሑፍ ቢገባ ይብስበታል፤ ደምን ወደ ልብ የሚያመጣውን ሥር «ደም መልስ» ብለን በጥሩ አማርኛ ሰይመናልና፣ በደም መልስ ውስጥ የማይመልስ ቫልቭ አለ ስንል እርስ በርሳችን እንጣላለን። «ምልሰት ገቺ ቫልቭ» ብንለው ሁለቱም ይታረቃሉ። ይህም ከተዘጊዎች ወገን ነው፤ በገዛ የኋሊት ፍሰቱ ይዘጋልና።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ቀርተዋል። «ፈሳሽ» በአማርኛ ጋዝን አይጨምርም፤ የገጾቹ ርእስ ግን ሁለቱንም የሚያጠቃልለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ፈሳሽ» ብሎ ስለተረጎመ፣ ስለ ቡታጋዝ ቱቦ የተጻፈው ምዕራፍ ከርእሱ ውጭ ወድቋል። አዲስ ቃል አያስፈልግም፤ «ፈሳሽና ጋዝ» ማለት ይበቃል። «ዝግ» ስለሚለው ቃል ደግሞ የኤሌክትሪክ ጽሑፍ የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችን ይጠንቀቁ፤ ዝግ ሰርኪዩት ኮረንቲ የሚያሳልፍ ሲሆን ዝግ ቫልቭ ምንም የማያሳልፍ ነው፤ በኮረንቲ የሚታዘዙ ቫልቮች በተገጠሙበት መስመር ሁለቱ «ዝግ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊገናኙ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ «ያሳልፋል» እና «አያሳልፍም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

የገጾቹን ተርጓሚ ብናገኘው የምንለምነው አንድ ነገር ነው። «የደኅንነት ቫልቭ» የሚለውን በገጾቹ ሁሉ ላይ ይፈልግ፤ ባገኘበት ቦታ ሁሉ መሣሪያው በአደጋ ጊዜ ይከፈት ወይስ ይዘጋ እንደሆነ ከመሐንዲስ ይጠይቅ፤ የሚከፈተውን «አስተንፋሽ»፣ የሚዘጋውን «በፍሰት ተዘጊ» ወይም «ዝግት ባይ» ብሎ ይለውጥ። ከዚያም ጠባቂው እንዲያነበው በቫልቩ ሳጥን ክዳን ላይ የሚጻፈውን ቃል በሁለት ይክፈለው፤ በአንደኛው ላይ «አስተንፋሽ፤ አይደፈን»፣ በሁለተኛው ላይ «ዝግት ባይ፤ ስብራቱ ሳይጠገን አይከፈት»።